ባለቤቱ ጥሎት የጠፋውን ተሳቢ ከግቢ ማስወጣት፦ ለኮምቦልቻው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ የአባቴ ግቢ አለ። አባቴ በሕይወት ሳለ አንድ ሹፌር የተበላሸ ባለ 3 አክስል ተሳቢ ‹እስኪሠራ ለጥቂት ሳምንት› ብሎ አቆመ። የሁለት ወር ኪራይ ከፍሎ ጠፋ፤ ስልኩም አይሠራም። ይኸው 3 ዓመት አለፈው። አባቴ ዐርፏል፤ እኔ ግቢው ላይ ቤት ልሠራ አስቤአለሁ። ጎረቤቴ ‹3 ዓመት ካለፈው ያንተ ነው› ይለኛል። አንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ደግሞ ቆራርጦ በኪሎ ሊገዛኝ ተዘጋጅቷል። በሕግ እንዴት ላስወጣው?»

ከሁሉ በፊት የብረት ነጋዴውን ዛሬውኑ አይሆንም ብለው ይመልሱት። ሌላው ሥራ ሁሉ ጊዜ ይሰጣል፤ ይህ አይሰጥም። ተሳቢው አንዴ በጋዝ ተቆራርጦ ከተጫነ ሻንሲ ቁጥሩም (በብረት አካሉ ላይ የተመታው መለያ ቁጥር) ዋጋውም የሚታወቅበት መንገድ ይጠፋል፤ ባለቤቱ በማግሥቱ ቢመጣ የሚያሳዩት ነገር አይኖርዎትም። በውል እጅ የገባን የሰው ንብረት ሸጦ ገንዘቡን መውሰድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ተብሎ ያስከስሳል፤ እያወቀ የገዛውም በአንቀጽ 682 ይጠየቃል። ነጋዴው «ኃላፊነቱ የኔ ነው» ብሎ ቢፈርምልዎ እንኳ ያ ወረቀት ከወንጀል ተጠያቂነት አያወጣዎትም።

ጎረቤትዎ የነገሩዎት የ3 ዓመት ደንብ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ የለም። የ15 ዓመቱ ይርጋ የማይንቀሳቀስ ንብረትን በስሙ ግብር እየከፈለ ለያዘ ሰው የተጻፈ ነው፤ ተሳቢ ተንቀሳቃሽ ነው። በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ያለው የ10 ዓመት ድንጋጌም ቢሆን ባለቤቱ ንብረቱ የት እንዳለ ወይም የራሱ መሆኑን ሳያውቅ የቀረበትን ሁኔታ ይመለከታል። ይህ ሰው ግን የት እንዳቆመው አሳምሮ ያውቃል። ባለቤት የሌለውን ዕቃ የያዘ ባለቤት ይሆናል የሚለው አንቀጽ 1151ም አይደርስልዎትም፤ ታርጋና ሊብሬ ያለው ተሳቢ ባለቤት የለውም አይባልምና። ባለቤትነቱን ትቷል ለማለት ሰውዬው መተዉን በማያሻማ ሁኔታ ማሳየት አለበት። ስልክ ማጥፋት መተው አይደለም።

እንግዲህ ነገሩን ከሁለት ይክፈሉት። አንደኛው ተሳቢው ከግቢው ይውጣልኝ የሚለው ነው። ሁለተኛው ተሳቢው ወይም ዋጋው ለማን ይሁን የሚለው ነው። የመጀመሪያው መብት የእርስዎ ነው፤ ሥርዓቱን ጠብቀው ከሄዱ ያገኙታል። ሁለተኛውን ለፍርድ ቤት ይተዉት። ይህን መሰል ጉዳይ ለዓመታት የሚጎተተው ባለግቢዎች ሁለቱን አንድ ላይ አስረው፣ ቦታውንም ኪራዩንም ተሳቢውንም ባንዴ ሊያገኙ ሲሞክሩ ነው።

መጀመሪያ የራስዎ ወረቀት

ካርታው አሁንም በአባትዎ ስም ከሆነ ማስጠንቀቂያም ክስም በስምዎ ከመጻፍዎ በፊት ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ። ወንድምና እኅት ካለዎት ወይ አብረው ይክሰሱ፣ ወይ ውክልና ይስጡዎት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 በተከሰሰበት ነገር ላይ መብት ወይም ጥቅም እንዳለው ያላሳየ ሰው ከሳሽ እንዳይሆን ይከለክላል፤ የተከሳሽ ጠበቃ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው ላይ መጀመሪያ የሚያነሣውም ይህንኑ ነው። ወረቀቱ ለግንባታ ፈቃዱም ስለሚያስፈልግ ድካሙ አንድ ነው።

ቀጥሎ አባትዎ ከሹፌሩ ጋር የተስማሙት ምን እንደነበር ያጣሩ። «ቦታ ላከራይህ» ብለው ከሆነ የቦታ ኪራይ ነው። «ጠብቁልኝ» ተብለው ተቀብለው ከሆነ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2779 የተመለከተው የአደራ ውል ነው፤ ያን ጊዜ የጠፋ ጎማ ወይም ስኮርታ (መለዋወጫ ጎማ) ቢኖር ከእርስዎ ወገን ይጠየቃል። የጽሑፍ ውል ባይኖርም ምስክር ይኖራል፤ ከምስክርም የሚበልጥ ነገር ሊኖር ይችላል። የሁለቱ ወር ኪራይ በባንክ ወይም በቴሌብር ገብቶ ከሆነ በወራሽነት ወረቀትዎ የአባትዎን የሂሳብ መግለጫ ይጠይቁ። የከፋዩ ሙሉ ስም እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ስልኩ የጠፋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ተሳቢውን መመዝገብ

ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ምስክር፣ ከተቻለም የቀበሌ ሰው ባለበት የተሳቢውን ሁኔታ በጽሑፍና በፎቶ ይያዙ። አራቱም ጎን፣ የእያንዳንዱ ጎማ ሁኔታ፣ የስፖንዳዎቹ (የጎን መከለያዎቹ) ብዛት፣ ስኮርታው፣ የፍሬን ቱቦዎቹ፣ ላዩ ላይ ጭነት ወይም ሸራ ካለ እሱም ይግባ። ባለ 3 አክስል ተሳቢ በጥምር ሲሆን 12 ጎማ አለው፤ «ጎማዎቹ አሉ» ብሎ ማለፍ ዋጋ የለውም። ስንቱ አለ፣ ስንቱ ተፈቷል፣ ስንቱ ተሰነጣጥቋል ብለው በቁጥር ይጻፉና ምስክሮቹ ይፈርሙበት።

ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ሻንሲ ቁጥሩ ነው። በአብዛኛው በዋናው የብረት አካል ላይ ከፊት ለፊት በስተቀኝ በኩል ተመትቶ ይገኛል፤ ሦስት ክረምት ያለፈበት ግን በዝገትና በጭቃ ተሸፍኖ ላይታይ ይችላል። በሽቦ ብሩሽና በጥቂት ናፍጣ ያጽዱት፣ በጨርቅ ያድርቁት፣ ከዚያ ነጭ ጠመኔ በላዩ ላይ ይሹበትና የተረፈውን ይጥረጉ። ጠመኔው የተመታው ፊደል ውስጥ ሲቀር ቁጥሩ ነጥቶ ይወጣል፤ የእጅ ባትሪ ከጎን እያበሩ ፎቶ ያንሡት። ግራይንደር ፈጽሞ አያስነኩት። አንድ ፊደል ቢጠፋ ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተፋቀ ይመስላል፤ ያኔ የሚጠረጠሩት እርስዎ ነዎት። በሪቬት የተያዘ የፋብሪካ ሰሌዳ ካለ እሱንም አብረው ያንሡ።

ይህን ይዘው ወደ ከተማው ፖሊስ ይሂዱ። ለክስ አይደለም፤ ለማስመዝገብና በስርቆት የሚፈለግ ተሳቢ መሆን አለመሆኑ እንዲጣራ ነው። ያመለከቱበት ቀን በመዝገብ ላይ መኖሩ ኋላ ቅን ልቦናዎን ያስረዳልዎታል።

ማንን ነው የምንጠራው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተሳቢ ከመኪናው የተለየ የራሱ ታርጋና ሊብሬ አለው። ተሳቢውን ያቆመው ሹፌር ደግሞ ባለቤት ላይሆን ይችላል። ሊብሬው ላይ ስሙ ያለውም ሰው ቢሆን ተሳቢውን ከዓመታት በፊት በውክልና ሸጦት፣ ገዢውም ስም ሳያዛውር ለሌላ አስተላልፎት ሊሆን ይችላል፤ በከባድ መኪና ገበያ ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውም ክሱም ቢያንስ ለሁለት ሰው ይሁን፦ ላቆመው ሰውና በሊብሬ ስሙ ለተመዘገበው ሰው። አንዱን ብቻ ከስሰው ቢፈረድልዎ ሌላኛው በአፈጻጸም ላይ «ንብረቱ የኔ ነው» ብሎ ይመጣና ጉዳዩ ከአዲስ ይጀመራል።

ታርጋው ላይ ያለው ምልክት፣ አማ፣ አአ ወይም ኢት፣ ፋይሉ የትኛው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እንዳለ ይጠቁማል። ጽሕፈት ቤቱ የሌላን ሰው መረጃ ለግለሰብ አልሰጥም ቢልዎ አይከራከሩ፤ በፖሊስ ደብዳቤ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቁ። ሲጠይቁ ስምና አድራሻ ብቻ አይበቃም። በተሳቢው ላይ እገዳ፣ የባንክ መያዣ ወይም ከቀረጥ ነፃ የገባ የሚል ምልክት እንዳለም እንዲገለጽ ያድርጉ።

የባንክ መያዣ ከተገኘ ዕድለኛ ነዎት ማለት ይቻላል። ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ዕዳው ሳይከፈለው ከቀረ መያዣውን ራሱ በሐራጅ የመሸጥ ሥልጣን አለው፤ ብዙ ጊዜም መያዣው የት እንደቆመ አጥቶ ይፈልጋል። ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ታርጋውን፣ ሻንሲ ቁጥሩንና ፎቶውን አያይዘው ደብዳቤ ያስገቡ። ተሳቢው ያለ ክስ ከግቢዎ ሊወጣ የሚችልበት አጭሩ መንገድ ይህ ነው።

ማስጠንቀቂያው

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት አንድ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመጠየቁ በፊት ለሌላው ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሦስቱ ዓመት ያለ ምንም ጽሑፍ ማለፉ ለእርስዎ ድካም ነው፤ አንቀጽ 1802 ጉዳት የደረሰበት ወገን ጉዳቱን ለመቀነስ የሚገባውን እንዲያደርግ ስለሚጠይቅ ዝም ያሉበት ጊዜ ከካሳው ሊቀነስብዎ ይችላል። ዛሬ የሚጻፈው ደብዳቤ ሰዓቱን ማስቆጠር ይጀምራል። ቃሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ታርጋ ቁጥሩ ____፣ ሻንሲ ቁጥሩ ____ የሆነ ባለ 3 አክስል ተሳቢ በ____ ዓ.ም. በኮምቦልቻ ከተማ ____ ቀበሌ በሚገኘው የአባቴ የአቶ ____ ግቢ ውስጥ በኪራይ ቆሟል። የተከፈለው ኪራይ በ____ ቀን አብቅቷል። ይህ ማስጠንቀቂያ በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ተሳቢውን እንዲያነሡ እጠይቃለሁ። ያልተከፈለውን የ____ ወር ኪራይ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው። ግንባታ ስለምጀምር ተሳቢው በ____ ቀን በዚያው ግቢ ውስጥ ወደ ____ ጥግ ይዛወራል፤ በዕለቱ መገኘት ይችላሉ። በጊዜው ካልተነሣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በእርስዎ ወጪ እንዲነሣ አመለክታለሁ።»

«ኪራዩን ካልከፈሉ አያነሡም» የሚል ቃል አለመግባቱን ልብ ይበሉ። ዓላማዎ ቦታው ነው፤ ኪራዩን የማንሣቱ ቅድመ ሁኔታ ካደረጉት ሰውዬው «ላነሣ ብፈልግ ከለከለኝ» የሚል መከላከያ ያገኛል። «በ30 ቀን ካላነሡ የኔ ይሆናል» ወይም «እቆራርጠዋለሁ» የሚል ቃልም አይጻፉ። የመጀመሪያው ሕጋዊ ውጤት የለውም፤ ሁለተኛው ዛቻ ሆኖ ይያያዝብዎታል።

ደብዳቤውን በሪኮማንዴ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። በእጅ ከተሰጠ ተቀባዩ ይፈርም፤ አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክሮች እምቢ ማለቱን ጽፈው ይፈርሙ። በስልክ መልእክት ወይም በቴሌግራም የተላከ ቅጂም ይጠቅማል፤ ግን እሱን ብቻ አይተማመኑበት።

ሰውዬው ከተገኘ፣ ወይም ሌላ ሰው «ባለቤቱ ነኝ» ብሎ ጎታች መኪና ይዞ ከመጣ፣ መታወቂያና ሊብሬ፣ ወኪል ከሆነም የተረጋገጠ ውክልና ሳያዩ አያስነሡት። ለማይገባው ሰው አሳልፎ መስጠት ለእውነተኛው ባለቤት ያስጠይቃል። ወረቀቱ ትክክል ከሆነ ግን ኪራይ አልከፈለም ብለው ተሳቢውን አይያዙበት። ዕዳውን ማመኑን ያስፈርሙት፣ ርክክቡን በምስክር ይጻፉ፣ በሩን ይክፈቱለት። የኪራዩን ገንዘብ በዕዳ ማመኛው በኋላ መክሰስ ይቻላል፤ ተሳቢው ከበር ሳይወጣ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ግን ግንባታዎን ይበላዋል።

ፍርድ ቤት

30 ቀኑ ካለፈ በኋላ ክሱ ይቀርባል። እንደ ንብረቱና እንደ ተጠየቀው ገንዘብ ግምት ጉዳዩ በኮምቦልቻ የወረዳ ፍርድ ቤት ወይም ደሴ በሚገኘው የደቡብ ወሎ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይታያል፤ ስለዚህ ተሳቢውን አስቀድመው በጋራዥ ባለሙያ በጽሑፍ ያስገምቱና ሬጅስትራሩን ያማክሩ። ክሱ ላይ ዳኝነት የሚጠየቅበት ክፍል ከሁሉም ይበልጣል፤ ያልተጠየቀ አይሰጥምና። የሚከተሉት ሳይቀሩ ይግቡ፦ ተከሳሾች ፍርድ ቤቱ በሚወስነው ቀን ተሳቢውን እንዲያነሡ፤ ካላነሡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1777 መሠረት ከሳሽ በተከሳሾች ወጪ እንዲያስነሣ እንዲፈቀድለት፤ ተሳቢው በፍርድ ቤቱ አፈጻጸም በሐራጅ ተሽጦ ከዋጋው የማንሻው ወጪና ያልተከፈለው ኪራይ እንዲሸፈን፤ ገዢው በስሙ እንዲያስመዘግብ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ እንዲተላለፍ። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ሊብሬ ሊወጣለት የማይችል ተሳቢ ሐራጅ ላይ ገዢ አያገኝም።

ከቀረጥ ነፃ የገባ ሆኖ ከተገኘ ጉምሩክም እንዲጠየቅ ያመልክቱ፤ ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው አይተላለፍም።

አድራሻቸው ያልተገኘ ተከሳሾች መጥሪያ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 105 መሠረት በምትክ እንዲደርሳቸው፣ ብዙውን ጊዜም በጋዜጣ እንዲታወጅ ይጠየቃል፤ በክልሉ በኵር ጋዜጣ ሊሆን ይችላል። ተፈልገው መታጣታቸውን የሚያሳይ ነገር ከሌለ ግን ፍርድ ቤቱ ይህን አይፈቅድም። የሪኮማንዴው ደረሰኝ፣ ተመልሶ የመጣው ፖስታ፣ የፖሊስ መዝገቡ እዚህ ላይ ይሠራሉ። ጥሪው ደርሷቸው ካልቀረቡ በዚያው ሕግ አንቀጽ 70 በሌሉበት ይታያል። በሌሉበት ለተሰጠ ውሳኔ ደግሞ አንቀጽ 78 ተከሳሹ ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት የማመልከት ዕድል ይሰጠዋል፤ መጥሪያው በትክክል ያልደረሰ ከሆነ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ስለዚህ የጋዜጣው ማስታወቂያ ላይ ስሙ፣ ታርጋውና ሻንሲ ቁጥሩ ሳይሳሳት መውጣቱን ጋዜጣውን ገዝተው ራስዎ ያረጋግጡ።

ውሳኔው በራሱ ተሳቢውን አያነሣም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 378 የአፈጻጸም ማመልከቻ ያስገባሉ፤ ፍርድ ቤቱ ያስገምታል፣ ሐራጅ ያስወጣል። ከሽያጩ ወጪዎ ተከፍሎ የተረፈው ገንዘብ ለባለቤቱ በሞዴል 85 ደረሰኝ ፍርድ ቤት ይቀመጣል። ያወጡት ወጪ የሚታሰበው በደረሰኝ ነው። የክሬን፣ የሎቤድ (ተሳቢውን ጭኖ የሚወስድ ዝቅ ያለ መኪና)፣ የጎሚስታ፣ የጋዜጣ፣ ሁሉንም ያጠራቅሙ።

እስከዚያው ግቢው ውስጥ ማዛወር

ክሱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ግንባታውን የሚያስጀምርዎ በዚያው ግቢ ውስጥ ወደ ጥግ ማስጠጋቱ ነው። ከግቢ አለማውጣትዎና አስቀድመው ማሳወቅዎ ነው የሚጠብቅዎ። ወደ መንገድ ገፍቶ ማውጣትን ግን አያስቡት። ሌት ተቀን ከባድ መኪና በሚመላለስበት የኮምቦልቻ መንገድ ዳር መብራት የሌለው ተሳቢ ሰው ይገድላል፤ ተጠያቂውም ያወጣው ነው።

ባዶ ባለ 3 አክስል ተሳቢ ከ6 እስከ 8 ቶን ይመዝናል። ግቢው ዋልካ አፈር ከሆነ ሦስት ክረምት የቆመ ጎማ ሰምጧል፤ በጋው ላይ፣ አፈሩ ሲደርቅ ይሥሩት። የእያንዳንዱን ጎማ ፊት በአካፋ አጥርተው 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በሚሄድበት መሥመር ላይ ያንጥፉ። ማንኛውንም የፍሬን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ደግሞ ከጎማዎቹ ፊትም ኋላም ታኮ (ማገጃ) ያድርጉ። ፍሬኑ ድንገት ሲለቅ ተዳፋት ላይ ያለ ተሳቢ በራሱ ይሄዳል።

ፍሬኑ ላይ ሁለት ዓይነት ችግር ይጠብቅዎታል። ተሳቢው በስፕሪንግ የሚይዝ ፍሬን ካለው አየር ሲጠፋበት ተቆልፎ ይቀራል። ጎታች መኪና አምጥተው ቀዩን የአየር ቱቦ አገናኝተው ከ6 እስከ 8 ባር ሲሞላ መልቀቅ አለበት። የውስጥ ላስቲኩ ተቀዶ አየር የማይዝ ከሆነ በቻምበሩ (ስፕሪንጉ በተቀመጠበት ክብ የፍሬን ዕቃ) ጀርባ ባለው ቀዳዳ በተዘጋጀለት የማላቀቂያ ቡሎን ስፕሪንጉ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ይህን የሚሠራው መካኒክ ይሁን፤ የቻምበሩን ቀለበት ለመፍታትም ማንም አይሞክር። ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ወደ አንድ ቶን በሚጠጋ ኃይል ተጨምቆ ነው የተቀመጠው፤ ክዳኑ ሲከፈት ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ይገድላል።

ያለ ስፕሪንግ የሚሠራ የድሮ ተሳቢ ደግሞ አየሩ ሲያልቅ ፍሬኑ በራሱ ይለቃል፤ ግን የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ጎማው ሳይዞር ይጎተታል። የፍሬኑን ማስጠበቂያ ቡሎን ወደ ማላላት አዙሮ የታምቡሩን ጠርዝ በመዶሻ ዙሪያውን መምታት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እምቢ ካለ በክሪክ ተነሥቶ፣ ግንድ ተደግፎ ጎማው ይፈታል። በእሳት ማሞቅ አያስፈልግም፤ ጎማው አጠገብ ነው።

ለ30 ወይም 40 ሜትር ጉዞ 12ቱም ጎማ እንዲነፋ አይድከሙ። በየአክስሉ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ደህና ጎማ፣ ማለትም 6 ጎማ፣ ለባዶ ተሳቢ ይበቃል፤ 5 ባርም ይይዘዋል። ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ለዓመታት ተኝቶ የቆየ ጎማ ግን አይነፋ። በተለይ ባለ ቀለበት ቸርኬ ላይ ያለ 20 ቁጥር ጎማ ሲነፋ ቀለበቱ ሊፈናጠር ስለሚችል ጎሚስታው ፈትቶ በመከላከያ ብረት ውስጥ ያድርገው፤ ይህ ካልሆነ ከጎሚስታው ላይ ያገለገለ ጎማ ይከራዩ። የወለቁት ጎማዎች ከግቢው አይውጡ፤ ተቆጥረው በዝርዝሩ ላይ ይመዝገቡ።

መጎተቱ በገመድ ሳይሆን በራሱ መጎተቻ ዘንግ ይሁን፤ ገመድ ሲበጠስ ይገርፋል፣ ፍሬን የሌለውን ተሳቢም አያቆምም። በመኪናውና በተሳቢው መካከል ሰው አይቁም። ጥጉ ላይ ከደረሰ በኋላ ታኮ፣ ከአክስሎቹ ሥር የግንድ ድጋፍ፣ ለመጎተቻ ዘንጉም መደገፊያ ይደረግና ዳግም ፎቶ ይነሣ።

በመጨረሻ ከግቢ ሲወጣ በራሱ ጎማ አስፋልት ላይ አይውጣ። የዓመት ምርመራና የሦስተኛ ወገን መድን የለውም፤ ትራፊክ ያስቆመዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ፍሬኑ ያልታመነ ተሳቢ በደሴ አቀበት ወይም ቁልቁለት ላይ መውጣት የለበትም። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ የሚለዋወጥበት መንገድ ነው። ሎቤድ ይከራዩ። ክሬኑ ሲያነሣ ሰንሰለቱ ከዋናው የሻንሲ ብረት ይያዝ፣ ከስፖንዳው አይሁን። በግቢው ላይ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ መሥመር ካለ አስቀድመው ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ያመልክቱ።

ጉዳዩ ከእርስዎ ለሚለይ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ተሳቢው ማንም ሳይፈቅድ የቆመ ከሆነ፣ ለምሳሌ በጥቅምትና ኅዳር 2014 ከተማዋ በጦርነት ውስጥ ሳለች ተጥሎ የተገኘ ከሆነ፣ ውል የለምና መነሻው ፖሊስ ነው፤ ከሌላ ሰው የተዘረፈ ሊሆን ይችላል። በይዞታ ላይ ለተደረገ ሁከት የሚቀርበው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ክስ የ2 ዓመት ገደብ አለው፤ ገደቡ ያለፈበት ሰው በባለመብትነቱ ላይ ተመሥርቶ በአንቀጽ 1206 መንገድ መሄድ ይኖርበታል፤ ለዚህም የካርታው ወረቀት የግድ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የርክክቡን ሰነድ ወይም የሐራጁን ትእዛዝ ግልባጭ፣ የምስክሮቹን ዝርዝርና ፎቶዎቹን በአንድ ፋይል ያድርጉ፤ የፖሊሱም መዝገብ እንዲዘጋ ግልባጩን ይስጧቸው። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ ይርጋው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት 10 ዓመት ስለሆነ ፋይሉን ከዚያ በፊት አይጣሉት።